የዓይን ማዝና የድኾች ታሪክ

ወንጌላዊው ዮሐንስ እንደ ጻፈው፥ ደቀ መዛሙርት ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው ባዩ ጊዜ ጌታን የጠየቁት ኀጢአቱ የማን እንደ ሆነ ነበር። ጌታም ኀጢአቱ የእርሱም የወላጆቹም እንዳይደለ ነግሮ ዓይኑን አበራለት። ጥያቄው ግን በዚያ ቀን አልቀረም፤ በየዘመኑ መልኩን እየለወጠ ሲጠየቅ ኖሯል። ዓይኑ የታመመ ድኻ በታየ ቍጥር «ሰነፍ ቢሆን ነው፥ ንጽሕናን ባይወድ ነው፥ ዘሩ ደካማ ቢሆን ነው» የሚል ተናጋሪ አልታጣም። የዓይን ማዝ ታሪክ በደኅና ሲመረመር ግን ለጥያቄው ሌላ መልስ ይገኛል።

የዓይን ማዝ ሐኪሞች ትራኮማ የሚሉት ሕመም ነው። ቃሉ የግሪክ ሲሆን ትርጓሜው ሻካራነት ነው፤ የታመመው የዓይን ቆብ ሲገለበጥ ውስጡ ሻካራ ሆኖ ይታያልና። ሕመሙን የምታመጣው በዓይን የማትታይ ረቂቅ ተሐዋሲ ናት። እርሷም ከታመመ ሕፃን ዓይንና አፍንጫ በሚወርደው ፈሳሽ፥ በእጅ፥ በጨርቅና በዝንብ እየተጓጓዘች ከአንዱ ወደ አንዱ ትሻገራለች። በልጅነት ደጋግማ ስትይዝ የዓይን ቆብ ውስጡ ይቈስላል፤ ቍስሉም ሲጠግግ ጠባሳ ይሆናል። ጠባሳው ከብዙ ዓመት በኋላ ቆቡን ወደ ውስጥ ይስበዋል፥ ሽፋሽፍቱም የዓይኑን ብሌን ሌት ተቀን ይፍቀዋል። እንዲህ ሆኖ ሰው በሕፃንነቱ በታመመው ሕመም በጎልማሳነቱ ይታወራል።

የሕመሙ ዕድሜ ረዥም ነው። በግብፅ፥ ክርስቶስ ከመወለዱ 1500 ዓመት ያህል አስቀድሞ፥ በፓፒረስ ላይ በተጻፈው የኤበርስ የመድኃኒት መጽሐፍ ለዓይን ሕመም የሚሆኑ ብዙ መድኃኒቶች ተዘርዝረዋል። የአውሮፓ ሰዎች ግን ነገሩን አጥብቀው ያሰቡበት ከናፖሊዮን ዘመቻ በኋላ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1798 ናፖሊዮን ቦናፓርት ሠራዊቱን አስከትሎ ወደ ግብፅ በወረደ ጊዜ እጅግ ብዙ ወታደሮች ዓይናቸው ቀልቶና መግሎ ከሥራ ውጭ ሆኑ። ፈረንሳዮችን ሊወጋ የሄደውንም የእንግሊዝ ሠራዊት ይኸው ሕመም አገኘው። ሁለቱም ወገኖች ወደየአገራቸው ሲመለሱ ሕመሙን ይዘው ተመለሱ። ተራው ወታደር በጠባብ ሰፈር ተጨናንቆ የሚያድር፥ መታጠቢያውንና ፎጣውንም ከባልንጀሮቹ ጋር የሚጋራ ስለ ነበረ ሕመሙ በጦር ሰፈሩ ጸና፤ ከዚያም ወደ ድኾች መንደር ተሻገረ። በ1805 በለንደን ጆን ከኒንግሃም ሳንደርስ የተባለው ሐኪም የዓይን ሕሙማን ማከሚያ ቤት ከፈተ፤ ይኸውም ዛሬ ሙርፊልድስ በሚል ስም የታወቀው ሐኪም ቤት ነው።

የባለጸጋና የድኻ ልዩነት ከሁሉ ይልቅ ገሃድ ሆኖ የታየው ግን በአሜሪካ በር ላይ ነበር። በ1892 በኒው ዮርክ ወደብ፥ በኤሊስ ደሴት፥ የስደተኞች መቀበያ ተከፈተ። በ1897 የአሜሪካ መንግሥት ትራኮማን ከአገር ከሚያስከለክሉት አደገኛ ተላላፊ ሕመሞች ጋር ቈጠረው። በአንደኛና በሁለተኛ ማዕርግ የተሳፈረ መንገደኛ በመርከቡ ውስጥ እንዳለ በቀላሉ ታይቶ ወደ ከተማው ይወርድ ነበር። በመርከቡ ሆድ ታጭቆ የመጣው የታችኛው ማዕርግ ተሳፋሪ ግን በጀልባ ወደ ደሴቲቱ ተወስዶ ይሰለፋል። ሐኪሙም የዓይኑን ቆብ በጣቱ ወይም የጫማ ቁልፍ በሚቈለፍባት ቆልማማ ብረት ይገለብጠዋል። የተጠረጠረው ሰው በልብሱ ላይ በጠመኔ ምልክት ይደረግበታል። ሕመሙ ከተረጋገጠበት፥ ያለ የሌለውን ሸጦ ውቅያኖስ የተሻገረው ገበሬ በመጣበት ባሕር ይመለሳል፤ የቀረው ቤተ ሰብ ሲገባ አንዱ ብቻ የሚመለስበትም ጊዜ ነበረ። በ1903 የወጣው ሕግ ሕመምተኛ ያመጣውን የመርከብ ማኅበር ስለ እያንዳንዱ ሰው 100 ዶላር መቀጫ እንዲከፍል አዘዘ።

ሕመሙ ተላላፊ፥ ፈዋሽ መድኃኒቱም ገና ያልተገኘ ስለ ነበረ፥ መንግሥት ስለ ሕዝቡ መጠንቀቁ አያስነቅፍም። ነገር ግን ተሐዋሲዋ የመርከብ ቲኬት አታነብም። በላይኛው ማዕርግ ለመጣው ትሕትና፥ በታችኛው ለመጣው ብረት የታዘዘው ሰዎች ባደረጉት ልዩነት ነው። ይልቁንም በሩ እንዲህ ሲጠበቅ ሕመሙ በቤቱ ውስጥ ነበረ። በ1912 እና በ1913 የመንግሥት ሐኪሞች የአገሩን ጥንተ ነዋሪዎች፥ ሕንዶች የተባሉትን፥ በመረመሩ ጊዜ ከአምስቱ ከአንዱ በላይ ትራኮማ ይዞት ተገኘ። በኬንታኪ ተራሮች በሚኖሩት ድኾች ነጮችም ዘንድ ሕመሙ በርትቶ ስለ ነበረ በ1913 በሂንድማን ከተማ ለእርሱ ብቻ የሚሆን ሐኪም ቤት ተቋቋመ። የተራራው ሰውና የሕንዱ ሰው በዘርም በቋንቋም አይገናኙም፤ ድህነትና የቤት ጥበት ግን በአንድ ሕመም አዛመዷቸው። በዘር ያሳበበው ሁሉ በዚህ አፈረ።

የሊቃውንቱም ምርምር በዝግታ ሄደ። በ1907 ሃልበርሽቴተርና ፕሮዋዜክ በጃቫ ደሴት የሕመሙን ምልክት በማይክሮስኮፕ አዩ። በ1938 ሰልፋ የተባለው መድኃኒት በአሜሪካ ሕንዶች ዘንድ ተሞክሮ መልካም ውጤት አሳየ። በ1957 ቻይናዊው ሊቅ ታንግ ፌይፋን ከባልደረቦቹ ጋር ተሐዋሲዋን በዕንቍላል ውስጥ አሳድጎ ለይቶ እንዳገኛት አስታወቀ። ሆኖም ሊስተዋል የሚገባው ነገር አለ፤ ይኸውም በአብዛኛው የአውሮፓ ክፍል ትራኮማ መሸሽ የጀመረው እነዚህ መድኃኒቶች ከመገኘታቸው በፊት መሆኑ ነው። ቧንቧ በየመንደሩ ሲገባ፥ ቆሻሻ በቦይ ሲወገድ፥ ቤቱ ሲሰፋ፥ ሕመሙ ስንብት ሳይጠይቅ ሄደ። ሠራተኛው የተሻለ ደመወዝ ባገኘበት ሰፈር ሐኪሙ ሥራ ፈታ ቢባል ከእውነት አይርቅም።

ዛሬ ይህ ሸክም ከዓለም ሁሉ ይልቅ የከበደው በኢትዮጵያ ላይ ነው። በ2005 እና በ2006 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት ከሆናቸው ልጆች ከመቶ 40ው ያህል ትራኮማ ይዟቸው ተገኙ። በገጠር ከመቶ 42.5 ሲሆን በከተማ 10.7 ነበር። ሽፋሽፍት የተቀለበሰባቸው ጎልማሶች ሲቈጠሩም ከሴቶች ከመቶ 4.1፥ ከወንዶች 1.6 ሆኑ። ሴት በዚህ የበዛችው ሕፃኑን የምታዝል፥ ንፍጡን በነጠላዋ የምትጠርግ፥ ከልጆቿ ጋር የምታድር እርሷ ስለ ሆነች ነው፤ ለልጆቿ ባላት ፍቅር ትታመማለች። ከሩቅ ምንጭ በእንስራ ተሸክማ ያመጣችው ውሃ አስቀድሞ ለመጠጥና ለወጥ ይሆናል፤ የልጅ ፊት ተራው የሚደርሰው ከተረፈ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ፊቱ ያልታጠበውን ሕፃን አይቶ እናቲቱን ይነቅፋል። እርሷም ወረንጦዋን በክር በአንገቷ አንጠልጥላ የሚወጋትን ሽፋሽፍት በየጊዜው እየነቀለች ኑሮዋን ትገፋለች።

የዓለም ጤና ድርጅት በ1990ዎቹ አራት ነገር በአንድነት እንዲደረግ መከረ፤ እነርሱም የተቀለበሰውን ቆብ በቀዶ ሕክምና ማቅናት፥ ለመንደሩ ሁሉ መድኃኒት ማደል፥ ፊትን መታጠብ፥ ውሃና መጸዳጃን ማዳረስ ናቸው። በዚህ መንገድ ኦማን በ2012፥ ሞሮኮ በ2016፥ ጋና በ2018 ሕመሙን ከሕዝብ ጤና ጠንቅነት አስወገዱ። በኢትዮጵያም ብዙ ሺህ ሰዎች ቆባቸው ቀንቶ ከስቃይ ዐርፈዋል፤ መድኃኒቱም በየመንደሩ ታድሏል። ከአራቱ እጅግ የሚከብደውና የሚዘገየው አራተኛው ነው፤ መድኃኒት በሣጥን ይላካል፥ ምንጭ ግን ካልተጐለበተ በሣጥን አይመጣም።

ስለዚህ ደቀ መዛሙርት የጠየቁት ጥያቄ ዛሬ በድኻው ደጅ የሚጠየቅ ቢሆን፥ መልሱን ከታማሚው ዓይን ውስጥ መፈለግ አያስፈልግም። በመንደሩና በምንጩ መካከል ያለው መንገድ ስንት ሰዓት እንደሚያስኬድ መለካት ይበቃል። ለዓይነ ስውር በቤተ ክርስቲያን ደጅ መመጽወት የቈየ መልካም ልማድ ነው፤ ከዚህ ቀድሞ ግን በመንደሩ አንድ ምንጭ ያጐለበተ ሰው፥ ከዚያ ደጅ ተቀምጠው ይለምኑ የነበሩትን ሰዎች ቍጥር አሳንሷል። እነርሱም ማን እንደ ረዳቸው ሳያውቁ በገዛ ዓይናቸው እያዩ ይኖራሉ።