በትንሽ ቁስል የሚሠራ የማህፀን ቀዶ ህክምና በደሴና ኮምቦልቻ ዓይን

ማዮማ (በማህፀን ጡንቻ ላይ የሚያድግ እጢ)፣ በእንቁልጢ ላይ የሚያድግ ውሃ የቋጠረ እጢ፣ የማህፀን መውጣት፣ አልቆም ያለ የደም መፍሰስ፦ ካንሰር ያልሆኑ እነዚህን ሕመሞች ሆድን በሰፊው ሳይከፍቱ የሚያክሙ ሦስት ዋና መንገዶች አሉ። ላፓሮስኮፒ በእምብርት በኩል ካሜራ ያስገባል፤ ሂስትሮስኮፒ በማህፀን በር አልፎ ውስጡን ያያል፤ ሦስተኛው በብልት በኩል ያለ ካሜራ ይሠራል።

ይህ ሦስተኛው ያረጀ ይመስላል። ጀርመናዊው ኮንራድ ላንገንቤክ ማህፀንን በብልት በኩል ያወጣው በ1813 እ.ኤ.አ. ሲሆን አሜሪካዊው ሐሪ ራይክ በላፓሮስኮፒ ያወጣው በ1988 ነው። ሆኖም የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግመው ኮክሬን የተባለ ድርጅት ተመራማሪዎች በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጡት ግምገማ 47 ጥናቶችን አገናዝበው፣ በብልት በኩል የታከሙ ሴቶች ሆዳቸው ከተከፈተ ሴቶች ቀድመው ወደ ዕለታዊ እንቅስቃሴያቸው እንደሚመለሱ አሳይተዋል። ላፓሮስኮፒ ከብልቱ መንገድ የሚበልጥበት ነገር አልተገኘም፤ እንዲያውም ቀዶ ጥገናው ረዘም ይላል።

ደሴና ኮምቦልቻ ላሉበት ለወሎ ይህ ትልቅ ቁም ነገር ነው። የማህፀን መውጣት ብዙ የወለዱና ከባድ ሸክም የሚሸከሙ ሴቶች ሕመም ሲሆን የብልቱ መንገድ የሚስማማው በተለይ ለእሱ ነው። የሚጠይቀውም ጥሩ ማደንዘዣ፣ መብራት፣ ተራ የቀዶ ጥገና መሣሪያና የሠለጠነ እጅ ነው።

ላፓሮስኮፒ ግን ሰንሰለት ነው። ካሜራ፣ ስክሪን፣ የብርሃን ምንጭ፣ ሆድን በካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚነፋ ማሽን፣ የጋዝ ሲሊንደር፣ ጥገና የሚያውቅ ባለሙያ፤ አንዱ ከጎደለ ሥራው ይቆማል። ከሰሜንና ደቡብ ወሎ፣ ከኦሮሞ ብሔረሰብ ዞንና ከአፋር ታማሚ የሚቀበለው የደሴ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል በ2014 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት መዘረፉ ሲታሰብ፣ በማሽን ላይ ብቻ የቆመ ህክምና ምን ያህል እንደሚሳሳ ግልጽ ነው።

ይህ ማለት ላፓሮስኮፒ የቅንጦት ነው ማለት አይደለም። የእንቁልጢን እጢ ለማውጣት ተመራጭ ነው፤ ከ5 እስከ 12 ሚሊሜትር በሆኑ ጥቂት ቀዳዳዎች ስለሚሠራ ታማሚዋ ብዙውን ጊዜ በቀናት ውስጥ ቤቷ ትገባለች፤ ሆዷ የተከፈተ ሴት ግን እስክታገግም እስከ ስድስት ሳምንት ይወስድባታል። ሐምሌ 2009 ዓ.ም. በተመረቀው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ እየሰፋች በደመወዝ የምትኖር ሴት ይህን ልዩነት በኪሷ ታውቀዋለች። ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ መመላለሱ ራሱ ወጪ ነው።

ሂስትሮስኮፒ በማህፀን ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ላለ ትንሽ ማዮማና ፖሊፕ ይበጃል፤ የቆዳ ቁስል የለውም።

ትልቅ ማዮማ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እምብርት ደርሶ ሲገኝ፣ ማህፀኑም ከአንጀት ጋር ተጣብቆ ከሆነ፣ ሆድን መክፈት ደኅንነቱ የተሻለ ሊሆን ይችላል። በላፓሮስኮፒ ለማውጣት እጢው መቆራረጥ አለበት፤ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2014 እ.ኤ.አ. ያልታወቀ ካንሰር በዚህ መቆራረጥ ሊሰራጭ እንደሚችል ካስጠነቀቀ ወዲህ ሐኪሞች እጢውን በከረጢት ውስጥ አድርገው መቆራረጥን ይመርጣሉ።