ዓይን አይቶ ልብ እስኪፈርድ

አንደኛ ደረጃ ት/ቤት ሳለን መምህራችን “ዓይን ለምን ይጠቅማል?” ሲሉን፣ ክፍሉ በአንድ ድምፅ “ለማየት!” ይል ነበር። እስቲ ያንን መልሳችንን ዛሬ እንደገና እናርመው።

እ.ኤ.አ. በ1688 ዊልያም ሞሊኑ የተባለ የደብሊን ምሁር ለእንግሊዛዊው ፈላስፋ ለጆን ሎክ አንድ ጥያቄ ጻፈ። ከተወለደ ጀምሮ ዓይነ ስውር የሆነ፣ ኳስና ኪዩብ በእጁ ዳስሶ የሚለይ ሰው አለ እንበል። አንድ ቀን ዓይኑ ቢበራለት፣ ሳይነካቸው በማየት ብቻ ይለያቸዋል ወይ? ጥያቄው ለሞሊኑ ባዕድ አልነበረም፤ የገዛ ባለቤቱ ከተጋቡ ብዙም ሳይቆዩ ዓይኗን አጥታለች።

ሞሊኑ ራሱ “አይለይም” ባይ ነው። ሎክም ተስማምቶ ጥያቄውን በ1694 በወጣው የመጽሐፉ ሁለተኛ እትም አስገባው። እጅ የሚያውቀውን ዓይን ከሚያየው ጋር የሚያገናኘው ልምድ ነው ባይ ናቸው። ጀርመናዊው ላይብኒትዝ ግን፣ ሰውየው ፊቱ ያሉት ኳስና ኪዩብ መሆናቸው ከተነገረው አስቦ ይደርስበታል ሲል ተከራከረ።

በ1728 የለንደኑ ሐኪም ዊልያም ቼዝልደን ዓይኑን አክሞ ስላበራለት የ13 ዓመት ልጅ ጻፈ። ልጁ መጀመሪያ ላይ የሚያየው ነገር ሁሉ ዓይኑን የሚነካው ይመስለው ነበር። ድመቷንና ውሻውን እየደጋገመ ያምታታቸዋል። መጠየቁ ሲያሳፍረው ድመቷን ያዘና ዳሰሳት፣ ትክ ብሎም አያት፤ ከዚያ “ሌላ ጊዜ አውቅሻለሁ” ብሎ ለቀቃት። እጁ ዓይኑን እያስተማረው ነበር።

ጥያቄው በሙከራ የተፈተነው ግን በ2011 ነው። ፓዋን ሲንሃና ባልደረቦቹ ሕንድ ውስጥ፣ ከ8 እስከ 17 ዓመት የሆናቸው፣ በቀዶ ሕክምና ዓይናቸው የበራላቸው አምስት ልጆችን ፈተኑ። ያዩትን ቅርጽ መልሰው በዓይን መለየት አላቃታቸውም። በእጃቸው የዳሰሱትን በዓይናቸው ለዩ ሲባሉ ግን ከመገመት ብዙም አልራቁም። ከቀናት በኋላ በድጋሚ የተፈተኑት በጣም ተሻሽለው ተገኙ።

አባቶቻችን “ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል” ይላሉ። ዓይን ብርሃኑን ይቀበላል፤ “ይህ ድመት ነው” የሚለውን ፍርድ የሚሰጠው አእምሮ ነው፤ እሱም መማር አለበት።

በአገራችን ለዓይነ ስውርነት ዋናው መንስኤ የዓይን ሞራ ነው። እንግዲህ ሞራ ይዞት የተወለደ ልጅ ታክሞ ፋሻው በተፈታ ማግስት እናቱን በመልኳ ባይለያት፣ ሕክምናው ከሸፈ ብለን ተስፋ አንቁረጥ። ታናግረው፣ ፊቷንም ይዳስስ። ማየትን ገና መማሩ ነው።