የሙቀት ፓምፕ፤ የመሣሪያውና የስያሜው ታሪክ

አንድ ሙያዊ ቃል ከቋንቋ ወደ ቋንቋ ሲሻገር የመሣሪያውን ምንነት ብቻ ሳይሆን መሣሪያው በተፀነሰበት ዘመን የነበረውንም አስተሳሰብ ይዞ ይመጣል። የመዋኛ ገንዳን ውሃ ለማሞቅ የሚያገለግለውና እንግሊዞች «ሂት ፓምፕ» የሚሉት መሣሪያ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ስለ መሣሪያው አያያዝ የተጻፈ መመሪያ ወደ አማርኛ ሲመልስ በመጀመሪያው ረቂቅ «የገንዳ ማሞቂያ» ብሎት ነበር። ስያሜው አጭርና ግልጽ ነው፤ ነገር ግን ተጠቃሚውን ያሳስታል። እንዴት እንደሚያሳስት ለመረዳት የመሣሪያውን ታሪክ ከሥሩ መመልከት ያስፈልጋል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1824 ፈረንሳዊው መሐንዲስ ሳዲ ካርኖ ስለ እሳት ኃይል አንዲት አነስተኛ መጽሐፍ አሳተመ። የእንፋሎት ሞተርን ሥራ ለማስረዳት የተጠቀመበት ምሳሌ ፏፏቴ ነው። ውሃ ከከፍታ ወደ ዝቅታ ሲወርድ ወፍጮ እንደሚያዞር፣ ሙቀትም ከግለኛው አካል ወደ ቀዝቃዛው ሲወርድ ሞተር ያንቀሳቅሳል አለ። በዚያ ዘመን ሙቀት «ካሎሪክ» የተባለ፣ የማይታይና ክብደት የሌለው ፈሳሽ ነው የሚል እምነት ስለ ነበረ ምሳሌው ከምሳሌነት ያለፈ ነበር። ካርኖ አክሎም ሥራው ወደ ኋላ ሊገለበጥ እንደሚችል አሳየ፤ ኃይል ከተጨመረበት ሙቀት ከቀዝቃዛው ወደ ግለኛው ሊወጣ ይችላል። ከዝቅታ ወደ ከፍታ ውሃ የሚያወጣው መሣሪያ ደግሞ ፓምፕ ነው። እንግዲህ ስሙ ገና ሳይወጣ ምስሉ በካርኖ ፏፏቴ ውስጥ ተቀምጦ ነበር ማለት ይቻላል። የፈሳሹ ሐሳብ በ19ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ በእነ ጁልና ክላውዚዩስ ሥራ ተሽሮ ሙቀት የኃይል ዓይነት መሆኑ ታወቀ፤ ቃሉ ግን የተሻረውን ሐሳብ እንደ ቅሪት አካል ይዞ እስከ ዛሬ አለ።

በ1852 የግላስጎው ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበረው ዊልያም ቶምሰን፣ በኋላ ሎርድ ኬልቪን የተባለው፣ ቤትን በዚህ መንገድ ማሞቅ እንደሚቻል በስሌት አቀረበ። ሐሳቡ የውጭውን አየር በሲሊንደር ውስጥ አሳስቶ ማቀዝቀዝ፣ ከውጭ ሙቀት እንዲቀበል ማድረግ፣ ከዚያም ጨቁኖ ሞቅ ባለ ሁኔታ ወደ ክፍሉ ማስገባት ነበር። ከዚህ ሐሳብ ጋር ተያይዞ የሚጠቀሰው ስም «ሙቀት አባዥ» የሚል ነው። ይህ ስም በመሸነፉ ማዘን አያሻም። መሣሪያው ሙቀትን አያበዛም፤ ሌላ ቦታ ያለውን ያመጣል እንጂ።

በተግባር የቀደሙት ግን ጨው አብሳዮች ናቸው። ኦስትሪያዊው ፔተር ፎን ሪቲንገር በ1850ዎቹ አጋማሽ በኤበንዜ የጨው ማምረቻ፣ ከጨዋማው ውሃ የወጣውን እንፋሎት በውሃ ኃይል ጨቁኖ ያንኑ ውሃ መልሶ እንዲያፈላ አደረገ። ሙከራው በመጥበሻው ላይ በሚጋገረው ጨው ምክንያት ተሰናከለ። ሃያ ዓመት ያህል ቆይቶ በስዊዘርላንድ ቤ በተባለ ስፍራ ተመሳሳይ መሣሪያ ሥራ ጀመረ። አገሪቱ በቂ የድንጋይ ከሰል የላትም፤ ከተራሮቿ የሚወርድ ውሃ ግን ሞልቷታል። የዚህ መሣሪያ ታሪክ ደጋግሞ ወደዚያች አገር የሚመለሰው በዚህ ምክንያት ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚጠቀሰው የዙሪክ ከተማ ነው። በ1938 በ17ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ በተሠራው የከተማው ምክር ቤት ሕንፃ ውስጥ፣ ከአጠገቡ ከሚያልፈው ከሊማት ወንዝ ሙቀት የሚወስድ ፓምፕ ተተከለ። የወንዙ ውሃ በክረምት በረዶ ሊሆን ጥቂት የቀረው ነው፤ ነገር ግን ቀዝቃዛ የምንለው ነገር ሁሉ ከእርሱ ለሚቀዘቅዝ ፈሳሽ ሙቀት የመስጠት አቅም አለው። የዙሪኩ መሣሪያ ከስድሳ ዓመት በላይ አገልግሎ በ2001 በሌላ ተተካ። የዓለም ጦርነት ተነሥቶ የከሰል ነገር አሳሳቢ በሆነበት በ1941 ደግሞ የከተማው የመጀመሪያ የቤት ውስጥ መዋኛ በዚሁ ዓይነት መሣሪያ እየሞቀ ተከፈተ። ከሰል በሚቆጠብበት ዘመን መዋኛ መክፈት ቅንጦት ቢመስልም፣ የመዋኛ ገንዳ ለዚህ መሣሪያ እጅግ የሚስማማ ሥራ ነው። ውሃው ከ25 እስከ 28 ዲግሪ ቢሞቅ ይበቃዋል፤ ሙቀት የሚነሣበት ከፍታ አጭር በሆነ መጠን ደግሞ ፓምፑ የሚጠይቀው ኃይል ያነሰ ነው። ካርኖ ቢኖር አይደነቅም ነበር።

በእኛ አገር ለዚህ መሣሪያ ስም ያልተፈለገው ያለ ምክንያት አይደለም። አዲስ አበባ ራሷ የተቆረቆረችው በፍል ውሃ ዳር ነው። በከተማዋ የሂልተን ሆቴል ገንዳ፣ ከከተማ ውጭም የሶደሬ መዋኛ የሚሞቁት ከምድር በሚወጣ ፍል ውሃ ነው። «ፍልውሃ» የሚለው ጥምር ቃል ሙቀቱን ከውሃው ጋር አንድ አድርጎ ስለሚይዝ ሌላ መሣሪያ አይጠራም። ስለዚህ ቃሉ ወደ አማርኛ የገባው በመመሪያ ጽሑፍ፣ በትርጉም በኩል ነው፤ የመጀመሪያ መልኩንም የሚሰጠው ተርጓሚው ነው።

ወደ «ማሞቂያ» እንመለስ። የቤት ውሃ ማሞቂያ የለመደ ሰው ማብሪያውን ጫን ብሎ ጥቂት ይጠብቃል። 50 ሜትር ኩብ ውሃ የያዘ ገንዳ ግን አንድ ዲግሪ ብቻ እንዲጨምር 58 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ሙቀት ይፈልጋል። 10 ኪሎዋት ሙቀት የሚሰጥ ፓምፕ ይህን ለማቅረብ ስድስት ሰዓት ገደማ ይወስድበታል፤ ለአሥር ዲግሪ ከሁለት ቀንና ሌሊት በላይ መሥራት አለበት፤ ያውም በትነት የሚጠፋው ሳይታሰብ። በምላሹ የሚበላው ኤሌክትሪክ፣ አየሩ ሞቃት ሲሆን፣ ከሰጠው ሙቀት አንድ አምስተኛ ያህል ሊሆን ይችላል። «ማሞቂያ» ያለው ሰው መሣሪያው ተበላሽቷል ብሎ ያጠፋዋል፤ ወይም ገንዳውን ሌሊት ሳይሸፍን ትቶ የተሰበሰበው ሙቀት በትነት ይወጣበታል። ሙቀቱ ከአየር የሚመጣ መሆኑን ያልነገረው ስያሜ፣ የማራገቢያው ፊት በቅጠልና በአቧራ እንዳይደፈን፣ በግድግዳም እንዳይከለል የሚያዝዘውን አንቀጽ ትርጉም ያሳጣዋል።

ሁለተኛው አማራጭ «ሙቀት መሳቢያ» ነበር። «ውሃ መሳቢያ» በገበሬውም በከተሜውም አፍ የታወቀ በመሆኑ ለጊዜው አጥጋቢ መሰለን። ነገር ግን የአማርኛ ዘርፍ አያያዝ ወጥመድ አለው። «የገንዳ ሙቀት መሳቢያ» ሲባል ከገንዳው ሙቀት የሚስብ ተብሎ ይነበባል፤ ይህም የታሰበው ተቃራኒ ነው። የሚያስቀው፣ መሣሪያው አንዳንድ ጊዜ በእርግጥ ይህንኑ ማድረጉ ነው። የውጭው አየር ሲቀዘቅዝ ጋዙ ሙቀት በሚቀበልበት ክፍል ላይ አመዳይ ይጋገራል፤ በዚህ ጊዜ በብዙዎቹ መሣሪያዎች የጋዙ ጉዞ ለጥቂት ደቂቃ ይገለበጥና ከገንዳው በተወሰደ ሙቀት አመዳዩ ይቀልጣል። ለዚህ ተግባር «አመዳይ ማቅለጥ» የሚለው ሐረግ ይበቃል፤ «በረዶ ማስወገድ» ግን ሰውየውን መፍቂያ አስይዞ ቀጫጭኑን የብረት ክንፍ እንዲያጎብጥ ሊልከው ይችላል።

እነሆ «የሙቀት ፓምፕ» የቀረው በዚህ መንገድ ነው። ጀርመኖች «ቬርመፑምፐ»፣ ጣልያኖች «ፖምፓ ዲ ካሎሬ» ብለው ያንኑ ምስል ጠብቀዋል። «ፓምፕ» የትውስት ቃል ቢሆንም አቅጣጫን አስቀድሞ ስለማይወስን ከ«መሳቢያ» ይሻላል። እዚህ ላይ «ሙቀት» በዕለት ንግግር መጠነ ሙቀትንም እንደሚጨምር ማስታወስ ይገባል፤ በመመሪያው ውስጥ «ሙቀቱን ወደ 28 ከፍ ያድርጉ» ከማለት «መጠነ ሙቀቱን» ማለት ይመረጣል።

ከስሙ ይልቅ ያደከመን አንዲት ትንሽ ቃል ናት። ክሎሪን የሚጨምረው መሣሪያ በውሃው ጉዞ ከሙቀት ፓምፑ ቀጥሎ መቀመጥ አለበት፤ የጠነከረ ክሎሪን በፓምፑ ውስጥ ካለፈ ብረቱን ይበላዋል። በረቂቁ «ክሎሪን ከሙቀት ፓምፑ በኋላ ይጨመር» ተብሎ ተጽፎ ነበር። «በኋላ» ግን የቦታም የጊዜም ነው። ረቂቁን ያነበበ ባለሙያ፣ ፓምፑ ሥራውን ጨርሶ ሲጠፋ ክሎሪን ጨምር ማለት ነው ብሎ ተረዳው። ዓረፍተ ነገሩ «ክሎሪን የሚጨመረው፣ ውሃው ከሙቀት ፓምፑ ወጥቶ ወደ ገንዳው በሚመለስበት ቧንቧ ላይ ነው» ተብሎ ታረመ፤ ረዘመ፣ ግን አያሳስትም።

አንድ ችግር ደግሞ ቀረ። በገንዳው ላይ ሁለት ፓምፖች አሉ፤ አንዱ ውሃውን በማጣሪያው በኩል የሚያዘዋውር፣ ሌላው ሙቀት የሚያመጣው። ውሃ የማያልፍበት የሙቀት ፓምፕ መሥራት ስለሌለበት መመሪያው በጥሬው ሲተረጎም «ፓምፑ ሳይነሣ ፓምፑን አታስነሣ» ይላል። ለፊተኛው «ውሃ መሳቢያ» የሚለውን የቆየ ስም መለስንለት፤ ለኋለኛው «የሙቀት ፓምፕ» የሚለውን ሳናሳጥር በየቦታው ደገምነው። ዓረፍተ ነገሩ አሁን «ውሃ መሳቢያው ሳይነሣ የሙቀት ፓምፑን አያስነሡ» ይላል።