የጉልበት እጥበት በሚዛን

ኬንጂ ታካጊ የተባሉት ጃፓናዊ ሐኪም በ1918 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያለውም ዘመን ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ነው) ለፊኛ ምርመራ የተሠራውን መመልከቻ በአስከሬን ጉልበት ውስጥ አስገብተው መገጣጠሚያውን ከውስጥ አዩ። ደቀ መዝሙራቸው ማሳኪ ዋታናቤም መሣሪያውን አሻሽለው በዚሁ መንገድ ቀዶ ሕክምና ለመፈጸም በቁ። ከዚያ ወዲህ ዘዴው በዓለም ተዛመተ፤ ኦስቲዮአርትራይቲስ በሚባለው ሕመም የጉልበታቸው ልም አጥንት ተበልቶ ለሚሠቃዩትም ይሠራላቸው ጀመር።

ሐሳቡ ለመሐንዲስ ፈጥኖ የሚገባ ነው። የተበላ ኩሽኔታ ብናኙ ቢታጠብ፣ የሻከረውም ቢሞረድ ሰበቃው ይቀንሳል፤ ጉልበትም እንዲሁ ይሆናል ተባለ። ከታከሙትም ብዙዎቹ ተሻለን ይሉ ስለ ነበር ጠያቂ አልበዛም። በአሜሪካ ብቻ በየዓመቱ ከ650,000 በላይ እንዲህ ያለ ሕክምና፣ እያንዳንዱም በ5,000 ዶላር ያህል ዋጋ፣ ይፈጸም እንደ ነበር ተገምቷል።

ዳሩ ግን ሰውየውን ያሻለው እጥበቱ ነውን ወይስ ታከምሁ ብሎ ማመኑ? ይህን ለመለየት በሂዩስተን የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታል ዶክተር ብሩስ ሞዝሊና ባልደረቦቻቸው ከ1995 ጀምሮ 180 በሽተኞችን በዕጣ ለሦስት ከፈሉ። አንደኛው ወገን ጉልበቱ ይታጠባል፤ ሁለተኛው ታጥቦ ይሞረዳል፤ ለሦስተኛው ሕክምናው በማስመሰል ብቻ ይፈጸማል።

ማስመሰሉም የዋዛ አልነበረም። ዕጣው የሚከፈተው በሽተኛው ቀዶ ሕክምና ክፍል ከገባ በኋላ ነው። የማስመሰያው ዕጣ የወጣለት በመድኃኒት ከፈዘዘ በኋላ ቆዳው በሦስት ቦታ አንድ አንድ ሳንቲሜትር ያህል ይበጣል፤ ሐኪሙ መሣሪያዎቹን ሁሉ እየጠየቁ ጉልበቱን ያንቀሳቅሳሉ፤ የእጥበት ድምፅ እንዲሰማም ጨዋማ ውኃ ይንቦጫረቃል። ወደ ጉልበቱ ግን አንድም መሣሪያ አይገባም። ሌሊቱን የሚያስታምሙት ነርሶችም የተደረገለትን አያውቁም።

ሰውን ለማስመሰል ሲባል በስለት መብጣት ይገባልን? የሚል ክርክር ተነሣ፤ ክርክሩም ቀላል አይደለም። ስለዚህም እያንዳንዱ በሽተኛ የማስመሰያ ሕክምና ሊደርሰው እንደሚችልና ይህም ጉልበቱን እንደማይጠቅመው መረዳቱን በገዛ እጁ እንዲጽፍ ተደረገ። ለጥናቱ ብቁ ከሆኑት 324 ሰዎች 144ቱ አንገባም ብለው ቀሩ።

በሁለት ዓመቱ ክትትል የታጠቡትም ሆኑ የተሞረዱት፣ ምንም ካልተደረገላቸው በሕመምም ሆነ በአካሄድ ተሽለው አልተገኙም። ውጤቱ በ2002 ሲታተም፣ በሽተኞቹ በብዛት ወንዶች ናቸው የሚሉና ሌሎችም ተቃውሞዎች ቀረቡ። ሆኖም የአሜሪካ መንግሥት የአረጋውያን ሕክምና መድን በ2004 ለዚህ ዓይነቱ እጥበት መክፈሉን አቆመ። በ2008ም 178 በሽተኞችን የመረመረ የካናዳ ጥናት ቀዶ ሕክምናው ከመድኃኒትና ከአካል ማሠልጠኛ ሕክምና በላይ የጨመረው ጥቅም እንደሌለ አሳየ።

ይህ ፍርድ ግን መገጣጠሚያውን ፈጽሞ በሰው ሠራሽ የመተካትን ሕክምና አይመለከትም። በዴንማርክ በ100 በሽተኞች ላይ ተደርጎ በ2015 በታተመው ጥናት መተካቱ የተጨመረላቸው በአንድ ዓመት ውስጥ ይበልጥ ተሽሏቸዋል፤ ከባድ ጉዳትም ይበልጥ የደረሰው በእነርሱው ላይ ነው። ያለ ቀዶ ሕክምና እንዲታከሙ ከተመደቡት ከአራቱ ሦስቱ ያህል ዓመቱን ሳይቀደዱ ፈጽመዋል።