ጠያቂው ነዋሪ፦ ከባላገር ሸንጎ እስከ ቀበሌ ምክር ቤት

ስለ አገር አስተዳደር ታሪክ የተጻፉ ድርሳናት በአመዛኙ የሚተርኩት ከላይ ወደ ታች የወረደውን ነው፤ የታወጀውን አዋጅ፣ የተሾመውን ገዥ፣ የተቋቋመውን መሥሪያ ቤት። ከታች ወደ ላይ የወጣው ጥያቄ ግን ብዙውን ጊዜ ከመዝገብ ውጭ ቀርቷል። ይሁን እንጂ «ማን ለካው? ማን ወሰነው? መዋጮአችንስ ምን ላይ ዋለ?» የሚለው የነዋሪው ጥያቄ ከምክር ቤቶቻችን ሁሉ በዕድሜ ይበልጣል። በዚህ ጽሑፍ የዚህን ጥያቄ ጉዞ በጎጃም ምድር፣ ከጣና ዳርቻ እስከ ዳሞት ደጋ ባለው አገር፣ ለመከተል እንሞክራለን።

መነሻችንን መሸንቲ ላይ እናድርግ። መሸንቲ ከባሕር ዳር ተነሥቶ ወደ መራዊና ወደ ዳንግላ በሚዘልቀው አውራ ጎዳና ላይ የተቆረቆረች አነስተኛ ከተማ ናት። በንጉሡ ዘመን አካባቢው በባሕር ዳር አውራጃ ሥር ይተዳደር ነበር፤ በኋላ ዘመን ደግሞ ከተማይቱ በባሕር ዳር ከተማ አስተዳደር ውስጥ ታቅፋለች። እንዲህ ባሉ የመንገድ ዳር ከተሞች ዙሪያውን የሚያርሰው ገበሬ የመሬትና የግብር ጥያቄውን፣ በመንገዱ ዳር የሚነግደው ነዋሪ ደግሞ የውኃ፣ የመንገድና የትምህርት ቤት ጥያቄውን ይዞ በአንድ የገበያ ቀን ይገናኛል። የገጠሩና የከተማው ጥያቄ ምን ያህል አንድ እንደሆነ ለመረዳት የሚመቸው እንዲህ ያለው ሥፍራ ነው።

በጥንቱ ሥርዓት ርስት የትውልድ መብት፣ ጉልት ደግሞ የሹመት ገቢ ነበር። በሁለቱ መካከል የቆመው ጭቃ ሹም ግብር ይሰበስባል፣ የላይኛውን ትእዛዝ ያደርሳል፣ አነስተኛውንም ክርክር ይሰማል። ባላገሩ የሚሰበሰብበት ሸንጎ ነበረው። ያልታወቀ በደለኛ ለማውጣት አውጫጭኝ ሲታወጅ የአካባቢው ሰው ሁሉ ተጠርቶ የሚያውቀውን እንዲናገር ይገደድ ነበር። በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ መሟገት፣ ምስክር መቁጠር፣ ዋስ መጥራት የኅብረተሰቡ የዕለት ተዕለት ሙያ ነበር ማለት ይቻላል። ስለዚህ ሕዝቡ መናገር አልተሳነውም። ልዩነቱ በንግግሩ አቅጣጫ ላይ ነበር፤ ጎረቤት ጎረቤቱን ይከሳል እንጂ ሹሙን ስለ ውሳኔው አይጠይቅም። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው ብሂል የዚያን ሥርዓት ወሰን በአጭር ቃል ያመለክታል።

እዚህ ላይ አቤቱታንና ጥያቄን ለይተን ልናያቸው ይገባል። አቤቱታ የበላዩን ርኅራኄ ይለምናል፤ ምላሹም ምሕረት ወይም ዝምታ ነው። ጥያቄ ግን ሒሳብ ይፈልጋል፤ የተጠየቀው ወገንም መልስ የመስጠት ግዴታ እንዳለበት ያስባል። በአማርኛችን «ተጠያቂ» የሚለው ቃል ራሱ ይህንኑ ይዟል፤ ኃላፊነት ያለበት ሰው ማለት የሚጠየቅ ሰው ማለት ነውና። ከዚህ በታች የምናወሳው ታሪክ በአብዛኛው አቤቱታ ወደ ጥያቄ ለመለወጥ ያደረገው ትግል ነው።

ከነፃነት መልስ በ1934 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ግብር አዋጅ የመሬት ልኬታንና ምደባን ሲያስከትል የጎጃም ባለርስት አጥብቆ ተቃወመ። ቃላድ የገባበት ርስት የትውልድ ርስትነቱ ያበቃል ብሎ ይሰጋ ነበር። መንግሥት በ1937 ዓ.ም. ባወጣው ሌላ አዋጅ ጎጃም፣ በጌምድርና ትግሬ ከአዲሱ ተመን ወጥተው ከጠላት ወረራ በፊት በ1927 ዓ.ም. በነበረው ልክ እንዲከፍሉ ፈቀደ። በ1942 እና በ1943 ዓ.ም. ተመሳሳይ ተቃውሞ ዳግመኛ ተነሣ። ገበሬው ከዚህ የቀሰመው ትምህርት በግልጽ የሚታይ ነው፤ በቃል ሲጠይቅ የማያገኘውን መልስ እምቢ ሲል አገኘው።

ይህ በእንዲህ እንዳለ የምክር ቤት ሐሳብ በወረቀት ላይ መወለዱ አልቀረም። በ1937 ዓ.ም. የወጣው የማዘጋጃ ቤቶች አዋጅ ለከተሞች ምክር ቤት እንዲኖር ደነገገ፤ የመምረጥ መብቱ ግን ቤትና ቦታ ላለው ነዋሪ የተወሰነ ነበር። በባሕር ዳር በ1953 ዓ.ም. የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው፣ በ1955 ዓ.ም. የፖሊቴክኒክ ትምህርት ቤቱ፣ በ1956 ዓ.ም. የጢስ ዓባይ የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ ሲቋቋሙ ከተማይቱ በፍጥነት አደገች፤ ዕቅዱ ግን ከማዕከል የመጣ እንጂ የነዋሪው ሸንጎ የመከረበት አልነበረም። በ1958 ዓ.ም. ደግሞ የአውራጃ ራስ አስተዳደር ትእዛዝ ወጣ። አውራጃዎች የተመረጠ ምክር ቤት ኖሯቸው ስለ መንገዳቸው፣ ስለ ትምህርት ቤታቸውና ስለ ጤና ጣቢያቸው እንዲመክሩ፣ ከግብሩም ድርሻ እንዲኖራቸው የታሰበበት ነበር። ፓርላማው ግን ሐሳቡን ስላልተቀበለው ትእዛዙ ሥራ ላይ ሳይውል ቀረ። ነዋሪው የሚጠይቅበት አዳራሽ ሳይከፈት ተዘጋ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ታሪክ መዝግቦታል። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ ወጣ። አዋጁ አሥራትን አስቀርቶ ግብሩን በገበሬው ገቢ ልክ ለማድረግ ያለመ ነበር። ገቢውን ለማወቅ ግን ገማች ወደ ማሳው መግባት ነበረበት፤ ለጎጃም ገበሬ ደግሞ ገማችና ቃላድ ጣይ አንድ ነበሩ። በጠቅላይ ግዛቱ ገዥ በደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ አስተዳደር ላይ የተጠራቀመው ቅሬታም በዚህ ላይ ተጨመረ። ገበሬዎች በመጀመሪያ ያደረጉት የአባቶቻቸውን ልማድ ነው፤ ሽማግሌ መርጠው አቤት አሉ። አጥጋቢ ምላሽ ባጡ ጊዜ በሞጣ፣ በቢቸናና በደጋ ዳሞት ገማቾችን አናስገባም ብለው ተነሡ። ጦር ተላከባቸው፤ አውሮፕላንም ቦምብ ጣለባቸው። ይሁንና በዚያው ዓመት ማብቂያ ላይ ገዥው ተነሥተው ደጃዝማች ደረጀ መኰንን ተተኩ፤ ከ1942 ዓ.ም. ጀምሮ የተጠራቀመው ውዝፍ ግብርም ተሠረዘ።

ይህን ታሪክ ስናነብ ለሁለቱም ወገን ሚዛን መያዝ ይገባናል። መንግሥት ግብር መጠየቁ በራሱ በደል አልነበረም፤ መንገድም ትምህርት ቤትም ያለ ገንዘብ አይሠራምና። በሐሳብ ደረጃ በገቢ ልክ መክፈል ከአሥራት የተሻለ ፍትሕ ነበረው። ጥፋቱ ከፋዩ ስለ አከፋፈሉ የሚመክርበት፣ የተከፈለውም ምን ላይ እንደዋለ የሚሰማበት ሥፍራ አለመኖሩ ነው። በሌላ በኩል «ርስታችን» ብሎ የተነሣው ሕዝብ መላው ሕዝብ አልነበረም። በጣና ዳርቻ በደንገል ታንኳ የሚተዳደረው ወይጦ፣ ሸማኔው፣ ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪዋ፣ ርስት የተነፈገው እስላም ነጋዴ በባለርስቱ ሸንጎ ላይ ድምፅ አልነበራቸውም። ሸንጎው ለመጠየቅ መብቃቱ ብቻውን አይበቃም፤ ማን ተቀምጦበት ማን ደጅ እንደቆመ መታየት ይኖርበታል።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ይህን ደጅ በሕግ ከፈተው። በ20 ጋሻ ወይም በ800 ሄክታር መሬት ላይ የገበሬ ማኅበር እንዲቋቋም፣ ማኅበሩም መሬት እንዲያከፋፍል፣ ክርክር እንዲዳኝ፣ ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያን የመሰለ ሥራ ከመንግሥት ጋር እንዲሠራ ታዘዘ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ደግሞ የከተማ ነዋሪዎች የየቀበሌያቸውን ማኅበር አገኙ። ጭቃ ሹም ቀርቶ የተመረጠ ሊቀ መንበር ተተካ፤ ርስት የሌለው ሰው በስብሰባው ላይ እጁን ማውጣት ቻለ። የዚህን ለውጥ ታላቅነት ማሳነስ አይቻልም።

ይሁን እንጂ ማኅበሩ ውሎ አድሮ ፊቱን ከነዋሪው ወደ በላይ አካል አዞረ። የእህል ኮታ መሰብሰብ፣ መዋጮ መጣል፣ ለብሔራዊ ውትድርና ወጣት መመልመል የሊቀ መንበሩ ዋና ተግባር ሆነ። ከ1970ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ በመንደር ምሥረታ ዘመቻ የጎጃም ገበሬ ቤቱን አፍርሶ በተቀየሰለት መስመር ላይ ሠራ። በስብሰባው ላይ እጅ ወጥቷል፤ ጭብጨባም ተሰምቷል። ነገር ግን በየካቲት 1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ገበሬው የአምራቾችን ኅብረት ሥራ ማኅበር በትኖ፣ ብዙውም አዲሱን መንደር ጥሎ ወደ ቀድሞ ማሳው ተመለሰ። ያ ሁሉ ጭብጨባ ፈቃድ እንዳልነበረ የተገለጠው ያን ጊዜ ነው። ጥያቄ ያልተስተናገደበት ስብሰባ ለአመራሩ የሐሰት ዘገባ ያቀብላል፤ አመራሩም በዚያ ዘገባ ላይ ቆሞ ያቅዳል።

በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት ጉዳዩን በማያሻማ ቃል አስፍሮታል። በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን፣ ኃላፊና ተመራጭም ተጠያቂ እንዲሆን ይደነግጋል፤ በአንቀጽ 43 ደግሞ ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸውን የመጠየቅ መብት ይሰጣቸዋል። ሆኖም በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል የተካሄደው የመሬት ሽግሽግ የድንጋጌንና የልማድን ርቀት አሳየ። ሽግሽጉ ሴቶችን በስማቸው የመሬት ባለይዞታ ማድረጉ ታላቅ እርምጃ ነበር። በሌላ በኩል ቀድሞ በገበሬ ማኅበር አመራር ያገለገሉት ሁሉ «ቢሮክራሲ» ተብለው ይዞታቸው በአንድ ሄክታር ተገደበ፤ ሌላው ገበሬ ግን እስከ ሦስት ሄክታር መያዝ ይችል ነበር። ከጎጃም የተነሡ ገበሬዎች አዲስ አበባ ድረስ ሄደው ድምፃቸውን አሰሙ። ጥያቄው ከቀበሌ አዳራሽ ወጥቶ ዋና ከተማ ለመድረስ መገደዱ በራሱ ታሪካዊ ትርጉም አለው፤ የ1960 ዓ.ም. ሽማግሌዎችም የተጓዙት በዚሁ መንገድ ነበርና።

በ2000 ዓ.ም. በተካሄደው የአካባቢ ምርጫ በመላ አገሪቱ ወደ 3.6 ሚሊዮን የሚጠጉ የምክር ቤት መቀመጫዎች ነበሩ። ከቁጥር አንጻር የባላገሩ ሸንጎ ከዚያ በፊት ይህን ያህል የሰፋበት ጊዜ አልነበረም። ነገር ግን ታሪኩ እንደሚያስረዳን የምክር ቤት ሚዛን የወንበሩ ብዛት አይደለም። በመሸንቲም ሆነ በሌላ ከተማ አንድ ነዋሪ ተነሥቶ ስለ ቦይ ቁፋሮው መዋጮ ሲጠይቅ ጥያቄው በቃለ ጉባኤ ይጻፋልን? መልስ የሚሰጠው ሰው ስሙና ቀኑ ይመዘገባልን? በሚቀጥለው ስብሰባ ያው ቃለ ጉባኤ ተነብቦ የተገባው ቃል ይመረመራልን? የአቤቱታና የጥያቄ ልዩነት የሚለየው እዚህ ቦታ ላይ ነው።

ስለዚህ በየአካባቢው የሚያገለግለው ካድሬ የሚያስቸግረውን ጠያቂ እንደ ተቃዋሚ ከመቁጠሩ በፊት የዝምታን ዋጋ ከዚህ ታሪክ ሊያሰላ ይገባዋል። መምህሩ ለተማሪዎቹ የገዥዎችን ዝርዝር ሲያስተምር የጠያቂዎቹንም ታሪክ ቢጨምርበት፣ ሽማግሌዎች በሕይወት ሳሉ ቃላቸውን ቢያስጽፍ ትልቅ ቅርስ ያቆያል። የጥበብ ሰውም ቢሆን የጀግንነትን መልክ ጠመንጃ በያዘው ብቻ መፈለግ አይኖርበትም። በተሞላ አዳራሽ መካከል፣ ሁሉ ዝም ባለበት ሰዓት፣ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሥታ «ገንዘባችን የት ደረሰ?» የምትል እናት ለተውኔትም ለሥዕልም የምትበቃ ባለታሪክ ናት። የእርሷ ጥያቄ በመዝገብ ላይ ሲሰፍርና መልስ ሲያገኝ ምክር ቤቱ በእርግጥ ምክር ቤት ይሆናል።