የባዝራይቱ ደምና የወይኑ ሐረግ

«ግፊት አለብኝ» የሚል ሰው በየሠፈሩ በበዛበት በዚህ ዘመን፣ ዛፍና ሣር ባለበት አካባቢ መኖር የደም ግፊትን ዝቅ ያደርጋል የሚለው ወሬ እንደ አዲስ ግኝት ይነገራል። እኔ ግን የሁለቱ ነገሮች ዝምድና 300 ዓመት ሊሞላው ምንም እንዳልቀረው ላወጋችሁ ነው። (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ቄስ ስቲቨን ሄልስ በቴምዝ ወንዝ ዳር በምትገኘው በቴዲንግተን መንደር የአጥቢያ ካህን ነበሩ። ከስብከት የተረፈው ጊዜያቸው የሚያልፈው በመለካት ነው። በሸክላ የተተከለ የሱፍ አበባ ጧትና ማታ እየመዘኑ፣ በአንድ ቀን ብርሃን ከግማሽ ኪሎ የሚበልጥ ውሃ ወደ አየር እንደሚተነፍስ ደረሱበት። በተቆረጠ የወይን ሐረግ ላይ ቱቦ አስረው በውስጡ ያለው ውሃ ምን ያህል ሽቅብ እንደሚገፋ ለኩ። ከዚህ ሁሉ ቀደም ብለው ደግሞ አንዲት ባዝራ በጀርባዋ አስተኝተው አሰሩና የጭኗን የደም ሥር ከረጅም የመስተዋት ቱቦ ጋር አገናኙ። ደሙ ከልቧ በላይ 8 ጫማ ከ3 ኢንች፣ ማለትም ሁለት ሜትር ተኩል ያህል ወጣ። የደም ግፊት ሲለካ በታሪክ የታወቀው የመጀመሪያ ጊዜ ይኸው ነው። ባዝራይቱ ደሟ ፈስሶ ሞተች። ጭካኔ መሆኑን አልክድም፤ ጎረቤታቸውና ወዳጃቸው ገጣሚው አሌክሳንደር ፖፕም በዚህ ሥራቸው ያዝን ነበር።

የእፅዋቱን ልኬት በ1727፣ የእንስሳቱን በ1733 አሳተሙ። እኔን የሚገርመኝ በመጀመሪያው መጽሐፍ ያለች ንጽጽር ናት፤ የወይኑ ሐረግ ውሃውን የሚገፋበት ኃይል፣ የፈረስ ደም በጭን የደም ሥር ከሚገፋበት ወደ 5 እጥፍ ይጠጋል ይላሉ።

ከእርሳቸው በኋላ ጆዜፍ ፕሪስትሊ በ1771 ሻማ ያበላሸውን አየር የናና ቅርንጫፍ መልሶ እንደሚያድሰው አሳየ። ዛፍ የከተማ ሳንባ ነው የሚለው እምነት እንዲህ እያለ በረታ። ዊልያም ፋር የተባለው የስታቲስቲክስ ሊቅ በ1839 በምሥራቅ ለንደን መናፈሻ ቢሠራ በየዓመቱ በሺህ የሚቆጠር ሕይወት እንደሚተርፍ ጻፈ። 30,000 ሰው ለንግሥቲቱ አቤቱታ ፈረመ፤ በ1845 ቪክቶሪያ ፓርክ ለድኻው ሠፈር ተከፈተ። ምክንያታቸው ግን ስሕተት ነበር፤ በሽታ ከክፉ ሽታ ይመጣል ብለው ነው የሚያምኑት። (የእኛም «መናፈሻ» ከነፋስ የወጣ ቃል መሆኑን ልብ ይሏል።) ጀርም ሲታወቅ እምነቱ ወደቀ፣ መናፈሻው ቆመ።

ክንድ ላይ የሚጠመጠመውን መለኪያ ጣሊያናዊው ሪቫ-ሮቺ በ1896 አወጣ፤ በ1905 ሩሲያዊው ኮሮትኮፍ የሐኪም ማዳመጫ ጨመረበት። ከዚያ ወዲያ ዛፍና ደም እንደገና ሊገናኙ ቻሉ። በአረንጓዴ ሥፍራ አጠገብ የሚኖሩ ሰዎች ግፊት በጥቂቱ ዝቅ ብሎ መገኘቱን በርካታ ጥናቶች ይናገራሉ፤ ሁሉም ግን አይስማሙም። ሰው በእግሩ ይሄዳል፣ ጩኸቱ ይቀንሳል፣ ሙቀቱ ይበርዳል፤ ምክንያት ተብለው የሚጠቀሱት እነዚህ ናቸው። ጨው የመቀነስንና የመድኃኒትን ያህል ጉልበት እንዳለው ግን ማንም አይናገርም።

ለእኔ ትልቁ ጥያቄ የቤት ኪራይ ነው። በብዙ ከተማ ዛፍ ያለበት ሠፈር ገንዘብ ያለው ሰው ሠፈር ነው። ታዲያ ግፊቱን ያወረደው ዛፉ ነው ወይስ ገንዘቡ? ሰውን እንደ ባዝራይቱ አስሮ መለካት አይቻልምና፣ ተመራማሪዎቹ ያላቸው ዘዴ ገቢያቸው ተመሳሳይ የሆኑትን እርስ በርስ ማነጻጸር ነው። እንዲህ ሲደረግ ልዩነቱ በአንዳንዱ ጥናት ይጠፋል፤ በሌላው ደግሞ አንሶም ቢሆን ይቀራል።