ፈረንጅ፣ ፍራንክ፣ ፍራንቻይዝ

አዲስ አበባ ውስጥ «ፍራንክ አለህ?» ተብሎ የሚጠየቅ ሰው ኪሱን የሚዳብሰው ለብር ነው። ፈረንሳይ ፍራንኳን ጥላ ዩሮ ከያዘች ከ20 ዓመት በላይ ሆናት፤ ስሙ ግን እኛ ዘንድ ቀርቷል። ፈረንጅ የሚባል ዘመድም አለው። ሁለቱም የሚወለዱት ጥንት የዛሬዋን ፈረንሳይ ከያዙት ከፍራንክ ነገዶች ነው። ዓረቦች አውሮፓዊን ሁሉ «ኢፍራንጅ» አሉት፤ እኛ ፈረንጅ አልነው።

ፍራንኮች በያዙት አገር ሙሉ ነፃነት የነሱ ብቻ ስለነበር ስማቸው «ነፃ» ማለት ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1356 የፈረንሳይ ንጉሥ ዣን ሁለተኛ ፖይቲዬ ላይ በእንግሊዞች ተማርኮ፣ በ1360 በቤዛ ሲለቀቅ ፍራንክ የተባለው የወርቅ ሳንቲም ተመታ፤ በሳንቲሙ ላይ ንጉሡ ፈረስ ተቀምጦ ሰይፉን መዟል። «ፍራንሺዝ» ደግሞ ነፃነት ነበር፤ ኋላ ንጉሥ ለከተማ የሚሰጠው ልዩ መብት ሆነ፤ እንግሊዝኛ ሲገባ «ፍራንቻይዝ» ሆኖ የመምረጥ መብትም፣ የንግድ ፈቃድም ተባለበት።

አሜሪካዊው ነጋዴ ሬይ ክሮክ ከ1955 ጀምሮ የማክዶናልድ ሃምበርገር ቤቶችን ፍራንቻይዝ ሲሸጥ መነሻው 950 ዶላር፣ ከሽያጭ ደግሞ 1.9 በመቶ ነበር። የገዛው ሰው ታዲያ ምን ነፃነት አገኘ? የሥጋውን ክብደት እንኳ የሚወስንለት ሌላ ነው! ነፃ የወጣው ሻጩ ነው፤ ሠራተኛ መቅጠር፣ ደመወዝ መክፈል፣ የሥጋ ዋጋ ሲንር መቻል የገዢው ዕዳ ሆነ። ዛሬ ከ100 ማክዶናልድ 95ቱ ያህል በፍራንቻይዝ የሚሠሩ ናቸው።

ይህ ነፃነት ካዝናውም ድረስ ይዘልቃል። «ካሽ» የሚለው ቃል ሥሩ ሳጥን ነው፤ ጣልያኖቹ «ካሳ» የሚሉት። ምግብ ቤቶቹን ሁሉ ራሱ የሚያስተዳድር ኩባንያ ሳጥኑ ከጎደለ አንድ ክፉ ወር ያናጋዋል፤ ስለዚህ ለባለአክሲዮኑ እዚያ የተቀመጠች ዶላር ከአንድ ዶላር በላይ ልታወጣ ትችላለች። ከሰው ሽያጭ ድርሻ የሚሰበስበው ግን ገቢው እምብዛም ስለማይዋዥቅ ያን ያህል መጠባበቂያ አያስፈልገውም። ሳጥኑ ከሞላ ባለአክሲዮኑ «ምን ሊሠራበት ነው?» ብሎ ይጠረጥራል፤ ዶላሯም ረክሳ ትታያለች። እኔም ብሆን እጠረጥር ነበር።

ግን ገዢው ከወደቀ ድርሻውም አብሮ ይወድቃል። በ2020 ኮሮና ሲገባ ማክዶናልድ የፍራንቻይዝ ገዢዎቹ የሚከፍሉትን ኪራይና ሮያሊቲ (የሽያጭ ድርሻ) ለጊዜው አዘገየላቸው፤ አክሲዮኑን መልሶ መግዛት አቁሞ፣ ብድር ወስዶ ሳጥኑን መሙላት ያዘ።